ኅዳር ጽዮን የተወለደችው አጥቂና ሌሎች ጥያቄዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በሞሮኮ የተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ካበቃ ወዲህ ከጎንደርና ከአካባቢዋ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ የሚጠይቁ ሆነዋል። ፋሲል ከነማ ባለበት ከተማ ስለ ኳስ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ስለ ሴት ልጆቻቸው የሚጠይቁ ወላጆች እንዲህ መብዛታቸው ግን ለዚህ ዓምድ አዲስ ነገር ነው። ለዛሬ ሰባቱን መርጠናል። አንዳንዶቹ ረጅም ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀርተናል። በመልሶቹ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ አጥቂ ናት፤ አዘዞ በሚገኝ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ከታቀፈች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የተወለደችው በ2001 ዓ.ም. የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። እናቷን ምጥ የያዛት ከንግሥ መልስ ስለነበር ቀኑን በቤታችን የሚረሳ የለም። የልደት ምስክር ወረቀቷ ሲወጣ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር 2009 ተብሎ ተጻፈ። ላሳርም ብል የሚያውቁኝ ሰዎች «ተወው፤ ለ17 ዓመት በታች የሚፈለገው 2009 ስለሆነ ስህተቱ ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም» አሉኝ። እውነት ዝም ልበል? (አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ዝም አይበሉ፤ ያሳርሙት። ስህተቱ የመጣው ብዙ ጸሐፊዎች የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓ ሲለውጡ ወሩን ሳያዩ 8 ስለሚደምሩ ነው። 8 የሚደመረው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ለተወለደ ሰው ነው፤ የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት የሚገባው በዚያ ቀን ነውና። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ የሚደመረው 7 ነው (ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ስለዚህ ኅዳር 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ማለት ኖቬምበር 30 ቀን 2008 ነው።

ወዳጆችዎ 2009 ይፈለጋል ያሉት ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ፊፋ የዕድሜ ክልሉን የሚቆርጠው በአውሮፓውያን ዓመት መባቻ ነው። በ2025ቱ ውድድር መሰለፍ የቻሉት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2010 የተወለዱ ልጆች ሲሆኑ፣ በ2026 ክልሉ በአንድ ዓመት ወደፊት ይገፋል። በእኛ ሲሰላ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2001 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2004 ዓ.ም. የተወለዱት ማለት ነው። ልጅዎ በ32 ቀን ቀድማ ተወልዳለችና የእርሷ የመጨረሻ ዕድል ያለፈው የሞሮኮ ውድድር ነበር። ይህን መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በሌላ አገር በጃንዋሪ መጀመሪያ የተወለደችና ከልጅዎ በአንድ ወር ብቻ የምታንስ ልጅ ስትጫወት ልጅዎ ቤት ትቀራለች። ሆኖም መስመሩ የሆነ ቦታ መሰመር ነበረበት።

ደግነቱ የ17 ዓመቱ በር ሲዘጋ የ20 ዓመቱ ክፍት ነው። በፖላንድ በሚካሄደው የ2026 ከ20 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከ2006 ጀምሮ የተወለዱ ተጫዋቾች ስለሚካፈሉ በዕድሜ ረገድ አሁንም ትገባለች። በ2028 ደግሞ የሚፈለገው ከ2008 ጀምሮ የተወለደች ነው። ያን ጊዜ ልጅዎ በክልሉ ውስጥ ካሉት በዕድሜ በሳሎቹ አንዷ ትሆናለች፤ በታዳጊዎች ውድድር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። እንግዲህ የተሳሳተው ወረቀት ምን ሊያተርፍላት እንደሚችል ያስቡት።

የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት የሜክሲኮን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሜክሲኮ ለወንዶች ከ20 ዓመት በታች ውድድር ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን ማሰለፏ በመጋለጡ፣ በ1988 ፊፋ ከማናቸውም ዓለም አቀፍ ውድድሮቹ ለሁለት ዓመት አገዳት፤ በዚህም ምንም ያላጠፋው ዋናው ብሔራዊ ቡድን የ1990ውን የዓለም ዋንጫ ሳያይ ቀረ። «ማን ያውቃል?» የሚሉም አይጠፉም። በወንዶች ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ ይታያል፤ የወንድ ልጅ አንጓ ከ17 ዓመቱ በፊት ሙሉ በሙሉ መጋጠሙ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ምርመራው ያጋልጣል። የሴት ልጅ አጥንት ግን ቀድሞ ስለሚጋጠም ያው መመዘኛ ለእርሷ አይሠራም። በዚህ ምክንያት በሴቶች ውድድር የሰነድ ክብደት ከወንዶቹ ይበልጣል፤ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት እርስ በርስ ሲጋጩ የሚጠየቁት ልጅቷና ወላጆቿ ናቸው።

ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲሄዱ የክትባት ካርዷንና የክርስትና ምስክሯን ይዘው ይሂዱ። በሰማንያ ቀኗ ከተጠመቀች የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የካቲት 10 ገደማ የተጻፈ መሆን አለበትና ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ቀላል ነው። ፓስፖርት ካላወጣችም ማረሙን ያስቀድሙ፤ የልደት ወረቀቱ ስህተት ወደ ፓስፖርቱ ከተላለፈ በኋላ ጣጣው እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሂጃቧን አድርጋ ነው የምትጫወተው። በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ዳኛው «አውልቂ፤ የፊፋ ሕግ አይፈቅድም» ስላላት ሳትጫወት እያለቀሰች ተመለሰች። እውነት ሕጉ ይከለክላል? (እናት፣ ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ አይከለክልም። ቀድሞ ክልከላ ነበር፤ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው አካል ግን በ2014 አንሥቶታል። ዳኛው የቆየ ትምህርት ይዞ ይሆናል ብለን በበጎ እንየው።

በሕጉ አራተኛ አንቀጽ መሠረት የራስ መሸፈኛው ጥቁር ወይም የማሊያው ዋና ቀለም መሆን አለበት፤ ከአንድ በላይ ተጫዋች የምታደርገው ከሆነም የሁሉም ቀለም አንድ ይሆናል። ከማሊያው ጋር መሰፋት ወይም መያያዝ የለበትም፣ የሚንጠለጠል ጫፍ ሊኖረው አይገባም፣ ለራሷም ሆነ ለሌላዋ ተጫዋች አደጋ የሚፈጥር መርፌ ቁልፍም ሆነ ማያያዣ አይፈቀድም። ባለ መርፌው ሻሽ ቤት ይቅርና ከራስ ጋር ልክክ የሚል፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ይሰፋላት። ከውድድሩ በፊት የቡድኑ መሪ ለዳኛው ቢያሳይ ደግሞ ክርክሩ ሜዳ ላይ አይነሣም።

ለልጅዎ ይህንም ይንገሯት፦ በ2016 በዮርዳኖስ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የአስተናጋጇ አገር ልጆች ሂጃብ አድርገው ተሰልፈዋል፤ በ2023 ደግሞ የሞሮኮዋ ተከላካይ ኑሃይላ ቤንዚና በዋናው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በሂጃብ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ጥያቄ፦ ማራኪ ውስጥ ያለ ደመወዝ ሃያ ሁለት ልጃገረዶችን አሠለጥናለሁ። ሜዳውን የምናገኘው ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ ነው። ወላጆች «ኢትዮጵያ መቼ አልፋ ያውቃል?» ሲሉኝ መልስ አጣለሁ። በእርግጥ ከዓለም ዋንጫው ምን ያህል ርቀናል? (አሠልጣኝ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ወላጆቹ ከሚያስቡት ይልቅ ቀርበናል። ሁለቱም የታዳጊ ሴቶች ቡድኖቻችን ለ2022 የዓለም ዋንጫዎች እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሰው ነበር፤ ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን በጋና፣ ከ17 ዓመት በታች ቡድናችን በናይጄሪያ ተሸንፎ ቀረ። የኋለኛውን ላስፋፋው። ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በመልሱ ጨዋታ በአገሯ ግብ ሳይቆጠር ተለያዩ። በ180 ደቂቃ አንዲት ግብ ማለት ነው። ያው የናይጄሪያ ቡድን ከጥቂት ወራት በኋላ ሕንድ ሄዶ ከጀርመን ጋር 3 ለ 3 ከተለያየ በኋላ በመለያ ምት አሸንፎ በዓለም ሦስተኛ ሆነ። የእኛ ልጆች በአንዲት ግብ የተሸነፉት በዓለም ሦስተኛ ለሆነ ቡድን ነው ብለው ለወላጆቹ ሊነግሯቸው ይችላሉ፤ እኔ ግን ይህን እንደ መጽናኛ ከማየት ይልቅ እንደ ቁጭት ማየትን እመርጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ሰፍቷል። ከ17 ዓመት በታች ውድድሩ እስከ 2024 በ16 ቡድኖች መካከል በየሁለት ዓመቱ ይካሄድ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ 24 ቡድኖች ይሳተፋሉ፣ እስከ 2029ም በየዓመቱ በሞሮኮ ይካሄዳል። በ2024 ከአፍሪካ የተካፈሉት ናይጄሪያ፣ ዛምቢያና ኬንያ ብቻ ነበሩ። በ2025 ግን ከአስተናጋጇ ሞሮኮ ሌላ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ ተሳትፈዋል። ኬንያን ልብ ይበሉ። ወንዶችም ሴቶችም፣ ዋናውም ታዳጊውም ቡድኗ በፊፋ የዓለም ዋንጫ ቆሞ የማያውቅ ጎረቤታችን ነበረች፤ ታሪኩን የለወጡት ከ17 ዓመት በታች ልጃገረዶቿ ናቸው፤ የ2024ቱ ውድድር በተካሄደባት ዶሚኒካን ሪፐብሊክም ሜክሲኮን 2 ለ 1 አሸንፈው ተመልሰዋል።

የታዳጊዎች ውድድር ፍሬው በኋላ ሲታይ ደግሞ ዛምቢያን ይመልከቱ። በ2014 ኮስታ ሪካ ላይ ከ17 ዓመት በታች ቡድኗን ይዛ ስትቀርብ ብዙ የተናገረላት አልነበረም። ከዚያ ቡድን የወጣችው ባርብራ ባንዳ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሁለት ተከታታይ ጨዋታዎች ሦስት ሦስት ግብ አስቆጠረች፤ ዛሬ በአሜሪካ ሊግ ከሚጠሩት አጥቂዎች አንዷ ናት። ናይጄሪያዊቷ አሲሳት ኦሾዋላም ዓለም ያወቃት በ2014 በካናዳ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች ውድድር የኮከብ ተጫዋችነትንም የከፍተኛ ግብ አስቆጣሪነትንም ሽልማት ስትወስድ ነው። ሁለቱም የተገኙት ሀብታም ሊግ ካለበት አገር አይደለም።

ስለ ሜዳው ሰዓት የጻፉትን በተመለከተ እንደ አንባቢም እንደ ጎንደሬም የምለው አለኝ። ሃያ ሁለት ልጃገረድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሜዳ ስታገኝ የምትከፍለው ዋጋ ልምምዱ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት መመለሷ ወላጅን ያስፈራና ከቡድኑ የምትቀረው ልጅ ትበዛለች። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ሰዓት ላይ እንዲፈቀድላችሁ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ላይም የወላጆች ፊርማ ይኑርበት። የአሠልጣኝ አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረውን ያህል የሃያ ሁለት ወላጅ ፊርማ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሰሜን ኮሪያ በታዳጊ ሴቶች ሁልጊዜ የምታሸንፈው ለምንድን ነው? ጓደኞቼ ዕድሜ ይደብቃሉ ይላሉ። (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ታሸንፋለች። ከ2008 ጀምሮ ከተካሄዱት ዘጠኝ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫዎች አራቱን (2008፣ 2016፣ 2024 እና 2025) ወስዳለች፤ በመጨረሻው ፍጻሜ ራባት ላይ ኔዘርላንድስን 3 ለ 0 ረታለች። ከ20 ዓመት በታችም ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። ያለ ማስረጃ ዕድሜ ይደብቃሉ ማለት ግን ለእኛም ነገ የሚመለስ ወሬ ነው። የሚታወቀው ነገር ይህ ነው፦ በ2013 ፒዮንግያንግ ውስጥ የእግር ኳስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ሕፃናት እየተማሩ ይሠለጥናሉ። ብሔራዊ ቡድኑም እንደ ሌሎቹ ከየክለቡ ለሁለት ሳምንት የሚሰባሰብ አይደለም፤ ልጆቹ ለረጅም ጊዜ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይጫወታሉ። በዚህ ዕድሜ አብሮ የኖረ ቡድን ባለ ተሰጥኦ ስብስብን ይረታል። ዕድሜያቸው ከፍ ሲልና የሌሎች አገሮች ተጫዋቾች በጠንካራ ሊጎች በየሳምንቱ መጫወት ሲጀምሩ ብልጫው ይጠብባል፤ በዋናው የዓለም ዋንጫ ሰሜን ኮሪያን እዚህ ደረጃ ላይ የማናያትም በከፊል ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሞሮኮው ጨዋታ በእኛ ስንት ሰዓት ነው የሚሆነው? ቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። (ከአራዳ)

መልስ፦ በውድድሩ ወቅት ሞሮኮ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ራባት ላይ በእነርሱ አቆጣጠር 20፡00 የሚጀምር ጨዋታ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የፖላንዱ በሴፕቴምበር ስለሚሆን ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኅቴ 16 ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ አማካይ ናት። አንድ ሰው ሜዳ ላይ አይቷት «ወደ ሞሮኮ ውድድር አስገባታለሁ፤ ከዚያ አውሮፓ ክለብ ትፈርማለች» ብሎ 80,000 ብርና ፓስፖርቷን ጠየቀ። እናታችን በሬ ለመሸጥ ተዘጋጅታለች። ምን ትመክሩናላችሁ? (ታላቅ ወንድም፣ ከጎንደር ዙሪያ)

መልስ፦ በሬው አይሸጥ፤ ፓስፖርቱም ከእናታችሁ ሣጥን አይውጣ።

በዓለም ዋንጫ የሚሳተፉት ብሔራዊ ቡድኖች ናቸው። ተጫዋቾቹን የሚመርጠው በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የተሾመ አሠልጣኝ ነው፤ አገሪቱም ቦታውን የምታገኘው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ማጣሪያ አሸንፋ ነው። በግለሰብ የሚገባበት፣ በገንዘብ የሚገዛ ቦታ ፈጽሞ የለም። ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠች ልጅ የአውሮፕላን ትኬት እንድትገዛም አትጠየቅም።

ሁለተኛው ተስፋም እንዲሁ ባዶ ነው። በፊፋ የዝውውር ደንብ 18 ዓመት ያልሞላት ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር በመሠረቱ የተከለከለ ነው። የተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ሲዛወሩ፣ ወይም ልጅቷና ክለቡ በሁለት አገሮች ድንበር አቅራቢያ ሲሆኑ ነው። ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የሚዛወሩበት ፈቃድም በአውሮፓ ኅብረትና በአካባቢው ውስጥ ካለ አገር ወደ ሌላው ለሚሄዱ እንጂ ከጎንደር ለምትነሣ ልጅ አይደለም። ስለዚህ ሰውዬው ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ ክለቡ ሊያስመዘግባት አይችልም፤ ሰው አገር ላይ ያለ ክለብና ያለ ወላጅ ትቀራለች ማለት ነው። በእግር ኳስ ስም ወደ ሌላ አገር ተወስደው የተጣሉ ልጆች ታሪክ በምዕራብ አፍሪካ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው፤ እዚህ መድረሱ ነው የሚያሳዝነው።

እውነተኛ ወኪል የፊፋ ፈቃድ አለው፤ የፈቃድ ባለቤቶች ስም ዝርዝርም በፊፋ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያለ አሳዳጊዋ የጽሑፍ ፈቃድ ማነጋገር አይችልም። ሰውዬውን ሙሉ ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አለማንሣቱ አይቀርም። መልእክቶቹን ግን አታጥፉ፤ ለፖሊስ ሲቀርብ ማስረጃ የሚሆነው እርሱ ነው።

የእኅትህ ሕጋዊ መንገድ ረዘም ይላል። ከፕሮጀክት ወደ ዞንና ክልል ምርጫ፣ ከዚያም ወደ ሴቶች ሊግ ክለቦች ይወስዳል፤ የስፖርት አካዳሚዎችም በየጊዜው ምልመላ ያካሂዳሉ። ሎዛ አበራ ወደ ማልታው ቢርኪርካራ የሄደችው በአገር ውስጥ ሊግ ግብ በማስቆጠር ስሟ ከታወቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግብ ጠባቂ ነኝ፤ 13 ዓመቴ ነው። ለውድድር መተማ ወርደን ነበርና ጎንደር ላይ የምይዘው ከፍ ያለ ኳስ እዚያ ፊቴ እየወደቀ ሁለት ግብ ገባብኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ግማሹ የአየሩ ነው፤ አትፈሪ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ መተማ ቆላ ናት፣ 1,000 ሜትርም አትሞላም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፤ ርቃ ትሄዳለች፣ ስትጠመዘዝም ብዙ አትታጠፍም። ዝቅ ባለ ቦታ ግን ወፍራሙ አየር ቶሎ ያዘገያታል፤ ቀድማ ትወርዳለች፣ ይበልጥም ትታጠፋለች። ዓይንሽ የለመደው የጎንደርን ኳስ ስለነበር ከምትወድቅበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመሽ ጠበቅሻት። የ2024 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ቦጎታ ነበር፤ ከዝቅተኛ አገር ለመጡ ግብ ጠባቂዎች እዚያ የሚያስቸግረው የአንቺ ተቃራኒ ነው፣ ኳሷ ካሰቡት በላይ ትርቃለች።

ቆላ ስትወርጂ ቢቻል ከጨዋታው አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፤ በማሟሟቂያው ጊዜም ጓደኞችሽ ከክንፍ በኩል ሃያ ሠላሳ ከፍ ያለ ኳስ ያሻሙልሽ። የመጀመሪያዎቹን አምስት አትያዣቸው፤ የት እንደሚወድቁ ብቻ እዪ። ከዚያ የቆምሽበትን ቦታ አስተካክዪ። ሙቀቱ ስለሚያደክም ከመጠማትሽ በፊት ውኃ ጠጪ።

ዕድሜሽን በትክክል ከነገርሽን የተወለድሽው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ወይም በዚያው አካባቢ ነው። 2012 ከሆነ በ2027፣ በ2028ና በ2029 ለሚካሄዱት ሦስቱም ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ዕድሜሽ ይፈቅዳል፤ ሦስቱም ደግሞ ሞሮኮ ላይ ናቸው። ራባት ያለችው ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነ ኳሷ እንደ መተማዋ ቀድማ ትወርዳለች።